አራት ኪሎ ሜትር ከምናምን

ሐኪሙ ወረቀት ቀደደና ሰጠኝ፤
«በየቀኑ ሂድ» ይላል፤ ወዴት ግን አላለኝ።
ስኳሬ ጣሪያ ነክቷል፣
ቀበቶዬ ቀዳዳ ጨርሷል፤
ለሥራ ብዬ ሉካ፣ ጣልያን አገር ስመጣ
ከሻንጣዬ መጀመሪያ አዲሱ ጫማ ወጣ።

ከተማዋ ግንቧን ታጥቃ እንደ መቀነት
ተኝታለች ገና፣ ጉም ለብሳ እስከ አንገት።
ዳገቱን ወጣሁት። ለካ ግንብ ጀርባ አለው፣
ጋሪ ጎን ለጎን የሚያስኬድ፣
ዛፍ የሚያበቅል፣ ሽማግሌ የሚያንጎራድድ!
ሰዓቴን ነካሁት፤ ዜሮ አለኝ፤ ሮጥኩ።
ሁለተኛው ምሽግ ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ።

አንድ አዛውንት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
ባርኔጣ ደፍቶ፣ ክራቫት አሥሮ፣
በእርምጃ አለፈኝ። ዘወር ብሎም አላየኝ።
ተነሥቼ ሮጥኩ፤ ደክሞኝ ስቆም
ያው እርምጃው ደረሰብኝ፣ ያው እርምጃው አለፈኝ።

በሦስተኛው ቀን ግን ቆመ። «ምንድን ነው የምትቆጥረው?»
«እርምጃ» አልኩት፣ በተሰባበረ ጣልያንኛ፣ ሰዓቴን እያሳየሁ፤
«ዐሥር ሺህ ሲሞላ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ተፈታሁ።»
ሳቀ። ኦሬስቴ ይባላል፤ ሰማንያ አንዱን ደፍኗል፤
ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፤ ዛሬም ጥፍሩ ሥር ግራሶ ይታያል።
«እኔ የምቆጥረው አንድ ብቻ ነው» አለ፤ «ና ላሳይህ።»

ከግንቡ ሥር ቢጫ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አረንጓዴ መስኮት፤
አንዲት ሴት የገበታ ጨርቅ ታራግፋለች፣
ፍርፋሪው ይበናል ወደ ርግቡ መዓት።
ባርኔጣውን አነሣ።
ጨርቁን ወደ ውስጥ ሳበች። መስኮቱ ተዘጋ።
«በቃ» አለኝ፤ «አንድ።»

እኅቱ ናት፤ ዜሊንዳ። በአባታቸው ሱቅ ተኳርፈው
ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በገበያ መሀል ዝም ተባብለው፣ ተላልፈው።
«የቀረሁ ቀን ግን» አለ፣ «ለልጄ ትደውላለች፤
‹ያ አህያ ሞቶ እንደሆን ሂድና እይ› ትላለች።»

ግንቡ የታነጸው ለመድፍ ነበር፤ መቶ ዓመት በላ፤
ጠላቱ ሳይመጣ ቀረ። የመጣው ወንዙ ነው፣
በአንድ ክፉ ኅዳር፣ ሜዳውን እየሞላ።
በሮቹን ጠረቀሙ፤ ውሃው ውጭ አደረ።
ለአንዱ ተሠርቶ ለሌላው የሚውል ስንቱ ነው?
ጉልበቴ ራሱ ለኳስ ነበር የተፈጠረ፣
ዛሬ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

የመመለሻዬ ዋዜማ። ሰዓቴ ሌሊቱን ባትሪ ጨርሶ ጠቁሯል።
ኦሬስቴ የለም።
መስኮቱ ተከፍቷል። ፍርፋሪው ካለቀ ቆይቷል፤
ዜሊንዳ ግን ታራግፋለች።
አየችኝ። እጄን አነሣሁ፤ ምን ልል እንደሆነ እንጃ።
«ኦሬስቴስ?» ብላ ጮኸች።
ርግቦቹ ተነሡ።

ሮጥኩ። ምሽግ አለፍኩ፣ ሌላ ምሽግ አለፍኩ፣ በዛፎቹ ሥር፤
ላብ ዐይኔ ገባ፤ የቅዱስ ጴጥሮስ በር፣ ደወሉ፣ ጣሪያው፣
ሁሉም በግራዬ ዞረ እንደ ወፍጮ መዘውር።

አግዳሚ ላይ አገኘሁት፤ የጫማው ክር ተበጥሶ፣
ጫፉን በምራቁ አርሶ
ሲቋጥር፣ ያ የብስክሌት እጁ ተመልሶ።
«ጠራችህ» አልኩት፣ ትንፋሼን ስሰበስብ።
እጁ ቆመ። «ምን ብላ? አህያ?»
«ኦሬስቴ ብላ።»
ክሩን ቋጠረ፤ ፈታ፤ እንደገና ቋጠረ።
«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

አብረን ወረድን። ዳቦ ቤቱ ዘቢብና ኢንስላል ይሸታል።
አንድ ሙሉ ቡቼላቶ ገዝቶ ከሁለት አስከፈለ፤
ግማሹን በወረቀት ጠቀለለ፣
ለማን እንደሆነ አልነገረኝም።
ከቀረው ቆረሰልኝ። በላሁ።
ሰዓቴ ሞቷል፤ ያን ዙር የመዘገበ የለም፤
ዳቦውንም።